ለድምፅ አልባው ፊልም የፈጠርኩት ሰው

የምሠራው እዚህ ፈረንጅ አገር፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ አዛውንት ቀን ቀን በሚውሉበት አንድ ዴይኬር ነው። ጠዋት ጠዋት ቫኖቹ ከሴቨን ኮርነርስም፣ ከፌርፋክስም፣ ከየአፓርትመንቱ አዛውንቱን ሰብስበው ያመጣሉ። የእኔ ድርሻ ቀኑ እንዳይረዝምባቸው ማድረግ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚሠሩት ስፖርት አለ፣ ቢንጎ አለ፣ የሹራብ ሥራ አለ። ከምሳ በኋላ ግን ሰው ሁሉ ወደ ቴሌቪዥኑ ይዞራል፤ ጠብ የሚነሳውም ያን ጊዜ ነበር።

ቴሌቪዥኑ አንድ ነው፤ ቋንቋው ብዙ። በመስኮቱ በኩል የሚቀመጡት የኤልሳልቫዶር እናቶች የስፓኒሽ ድራማቸውን ይፈልጋሉ። መሀል ላይ ቬትናሞች አሉ። ከእነሱ ጎን ጡረታ የወጡ መምህር የሆኑ አንድ የሴራሊዮን አባት አሉ፤ እሳቸው ከዜና ሌላ አላይም ባይ ናቸው። የእኛዎቹ በበሩ በኩል ናቸው። መዝሙር ይከፈትልን ይላሉ፤ የኦርቶዶክስ ይሁን የጴንጤ በሚለው ላይ ግን ሳይስማሙ ቫኑ ይደርሳል። ሪሞቱን ኪሴ ውስጥ ደብቄ የምዞርበት ጊዜ ነበር።

ድምፅ የሌለው ፊልም የማሳየቱ ሐሳብ የእኔ ነው። ቤቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ አንድ ቅዳሜ መሀል ከተማው ላይ በነፃ ሲያሳዩ ቆሜ አየሁ። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ሰዎቹ ፈጠን ፈጠን ይላሉ፣ ንግግራቸው በጽሑፍ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፣ ከጎን አንድ ሰው ፒያኖ ይመታል። አጠገቤ የቆሙት ሰዎች ከየት አገር እንደመጡ አላውቅም፤ የሳቅነው ግን እኩል ነው። ሰኞ ሥራ ስገባ ለአለቃዬ ነገርኳት። ሐሙስ ሐሙስ ከምሳ በኋላ እንዲሆን ተስማማች። መጀመሪያ ያሳየኋቸው የሚያስቁትን ነው፤ መሰላል የሚወድቅበት ሰውዬ፣ ፖሊስ የሚያባርረው ሌባ። አንዲት የቬትናም እናት ከአንዲት የእኛ እናት ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲስቁ ሳይ፣ እውነቱን ለመናገር ኮራሁ።

ሻምበል ባሻ ግን አልሳቁም።

እኚህ አባት ዴይኬሩ ውስጥ የሚጠሩት በማዕረጋቸው ነው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ወታደር ነበሩ፤ በምሥራቁ ግንባር መትረየስ ተኳሽ። ረጅም፣ ቀጭን፣ በበጋም ኮታቸውን የማያወልቁ ሰው ናቸው። ግላኮማ ዓይናቸውን ጎድቶታል። ሰው ሲንቀሳቀስ፣ ፈረስ ሲሮጥ ይታያቸዋል፤ ፊደል ግን አይለዩም፤ ቢለዩም እንግሊዝኛው እምብዛም ነው። ቫኑ የዘገየ ቀን በመኪናዬ ወደ ቤታቸው አደርሳቸው ነበር፤ መንገድ ላይ ሁልጊዜ የሚያወሩኝ ስለ አንድ ጓደኛቸው ነው።

«ልጄ፣ መትረየስ የሁለት ሰው መሣሪያ ነው» ይላሉ። «አንዱ ይተኩሳል፤ አንዱ የጥይት ሣጥን ተሸክሞ ያጎርሳል። ተኳሹን ሁሉም ያውቀዋል። ተሸካሚውን ማን ያውቀዋል?»

የእሳቸው ተሸካሚ የናዝሬት ልጅ ነበር። ተከበው ውሃ ያለቀባቸው ቀን ኮዳዎቹን አንጠልጥሎ ወደ ጉድጓዱ እንደወረደ ቀረ። ስሙን ሲጠሩት ድምፃቸው ዝቅ ይላል። እኔ ግን ታሪኩ ከመደጋገሙ የተነሳ በግማሽ ጆሮ ነበር የማዳምጠው፤ ግማሹ ልቤ ወደ ቤቴ ስመለስ ድልድዩ ላይ የሚጠብቀኝን ትራፊክ ያስብ ነበር።

«ልጄ» አሉኝ አንድ ሐሙስ፣ «የወታደር ነገር የለም እንዴ? ሰው ሲወድቅ ብቻ ነው እንዴ የምናየው?»

ፈለግሁላቸው። ኢንተርኔት ላይ የድሮ ፊልም ሞልቷል። አንድ አገኘሁ፤ በረሃ፣ ምሽግ፣ ባንዲራ፣ ፈረሰኛ። አፍሪካ ውስጥ የተከበበ የአንድ የአውሮፓ ጦር ታሪክ ነው። በምሳ ሰዓቴ መጀመሪያውን ቀንጨብ አድርጌ አየሁና ፈረሶቹ ደስ አሉኝ፤ ዘጋሁት። ጊዜ አጥቼ አልነበረም። ለአዛውንት ምንም ቢሆን ያልፋል ብዬ ነው። ንቀት ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ንቀት መሆኑን አላወቅሁትም፤ ሥራ የበዛባት ሰው መስዬ ነበር ለራሴ የታየሁት።

ሐሙስ ደረሰ። የእኛዎቹን ወደ ስክሪኑ አስጠግቼ ከጎን ቆምኩ። ጽሑፉ በመጣ ቁጥር ጮክ ብዬ በአማርኛ እላለሁ። ልጅ ሆኜ በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት የህንድ ፊልም የሚተረጉምልን ጎረምሳ ነበር፤ ከህንድኛ አንዲት ቃል አያውቅም፤ ከራሱ እየፈጠረ ያስለቅሰን ነበር። እኔ ግን እንግሊዝኛውን አነባለሁ፤ ከእሱ እሻላለሁ ብዬ ነው የጀመርኩት።

የመጀመሪያዎቹ ጽሑፎች ምንም አይሉም። ወጣቱ መኮንን እጮኛውን ይሰናበታል፣ መርከብ ይሳፈራል፣ በረሃው ይደርሳል። ከዚያ ጦሩ በረድፍ መጣ። ፊት ፊት ነጮቹ በፈረስ፤ ከኋላ ሣጥን የተሸከሙ ጥቁሮች በእግራቸው። ጽሑፍ ብልጭ አለ። አነበብኩትና አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

«ምን ይላል?» አሉ ሻምበል ባሻ፣ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው። «እነዚያ የተሸከሙት የእኛ መልክ ያላቸው መሰለኝ።»

ጽሑፉ የሚለው ተሸካሚዎቹ እንደ ሕፃን እንደሆኑ፣ ጅራፍ ካላዩ እንደማይንቀሳቀሱ ነው። ቃሉ ከዚህም ይከፋል።

«የጦሩ ተሸካሚዎች ናቸው» አልኩ። «ያለ እነሱ ጦሩ አንድ እርምጃ አይራመድም፣ ይላል።»

ይላል። እንደዚያ ነው ያልኩት። እኔ እላለሁ አላልኩም።

ከተሸካሚዎቹ ፊተኛው አንገቱ ረዘም ያለ ወጣት ነው። ካሜራው እሱ ላይ የሚቆየው ሊያስቅበት ነው፤ የራሱን ጥላ አይቶ ይደነግጣል፣ ሣጥኑ ይወድቅበታል፣ ነጩ በእርግጫ ይለዋል። ይሄን ጊዜ የሴራሊዮኑ አባት ተነሱ። ወንበራቸውን አዙረው፣ ጀርባቸውን ለስክሪኑ ሰጥተው ተቀመጡ። አየኋቸው። ያላየሁ መሰልኩ።

«ያ ፊተኛው ስሙ ማነው?» አሉ ሻምበል ባሻ።

ፊልሙ ስም አልሰጠውም። «ስሙን አልጻፉም» ማለት እችል ነበር። እኔ ግን አፌ ላይ የመጣውን ስም ጠራሁ፤ የመጣው ደግሞ መኪናዬ ውስጥ ደጋግሜ የሰማሁት የዚያ የናዝሬት ልጅ ስም ነው። እዚህ አልጽፈውም፤ አንዴ ሳላስፈቅድ ተጠቅሜበታለሁ።

ሻምበል ባሻ እጃቸውን ከጆሯቸው አወረዱ። «ማን አልሽ?»

ደገምኩት።

«ውይ በሞትኩት! የእኛ አገር ሰው ነዋ!» አሉ አጠገባቸው የተቀመጡት እናት። ጠረጴዛው በሙሉ ተነቃነቀ። ሁልጊዜ የሚያንቀላፉ አንድ አባት እንኳ ነቅተው መነጽራቸውን ፈለጉ። ተሳስቻለሁ ለማለት አሁንም ጊዜ ነበረኝ። ግን ሁሉም ፊታቸው በርቶ ወደ ስክሪኑ ሲያዩ፣ የእኔም ፊት በራ።

አዛውንቱ ቶሎ ስለሚደክማቸው ፊልሙን ለብዙ ሐሙስ ከፋፍዬው ነበር። በዚያው ሳምንት ቤቴ ተቀምጬ እስከ መጨረሻው አየሁት፤ ስለዚህ ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን ሁሉ አውቄ ነው የተናገርኩት። የጎሳው አለቃ ተብሎ የሚመጣው ነጭ ተዋናይ ነው፤ ጥላሸት ተቀብቷል፣ ዓይኑ ዙሪያ ግን ቀለሙ በደንብ አልደረሰም። እውነተኞቹ ጥቁሮች ሥራቸው ሁለት ነው፤ መሸከም፣ ካልሆነም ከፈረስ ላይ ተመትቶ መውደቅ። ያስተዋልኩት ሌላም ነገር አለ። ነጩ አፉን ሲከፍት ወዲያው ጽሑፍ ይመጣል። ጥቁሩም ይናገራል፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ በግልጽ ይታያል፤ ጽሑፍ ግን አይመጣም። ካሜራ ፊት ቆሞ አንድ ነገር ብሏል፤ ምን እንዳለ የጠየቀው የለም።

ይሄን ለራሴ ምክንያት አደረግሁት። እነሱ ዝም ካሰኙት እኔ ላናግረው አልኩ።

በፊልሙ ውስጥ ምሽጉ ይከበባል፤ ውሃ ያልቃል። ተሸካሚው የቀረችውን ውሃ ሰርቆ በአጥሩ ሾልኮ ይጠፋል። መኮንኑ ተከታትሎ ያገኘውና በሽጉጥ ይገድለዋል፤ ከዚያ አጋዥ ጦር ደርሶ ባንዲራው ይሰቀላል። በእኔ አፍ ግን ተሸካሚው ሌባ አልሆነም። «ውሃ እኔ አመጣለሁ፤ እናንተ ምሽጉን ጠብቁ» አለ። መኮንኑ አለቀሰ። ተሸካሚው ወጣ። በአቧራው ውስጥ ሲመለስ መኮንኑ ጠላት መስሎት ተኮሰ። ያን የጉድጓድና የውሃ ታሪክ ከየት እንዳመጣሁት መናገር አያስፈልገኝም።

ሐሙስ ሐሙስ ሻምበል ባሻ ክራቫት አድርገው መምጣት ጀመሩ። እናቶቹ ሳምንቱን ሙሉ «ምን ይሆን ይሆን?» ይሉ ነበር፤ ጴንጤዎቹም ኦርቶዶክሶቹም አብረው። መዝሙር ላይ የተጣሉት ሰዎች ለዚያ ልጅ አብረው ሲጨነቁ ሳይ፣ የሠራሁት በጎ ነገር ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

በመጨረሻው ሐሙስ ተሸካሚው ሲወድቅ ሻምበል ባሻ ከወንበራቸው ተነስተው ባርኔጣቸውን አወለቁ። አንዲት እናት ደረታቸውን መቱ። ፊልሙ አልቆ መብራቱን ሳበራ ሻምበል ባሻ እንደቆሙ ነበሩ።

«ይሄ መቼ ነው የተሠራው?» አሉኝ።

«በጣም ድሮ ነው። እርስዎ ሳይወለዱ።»

«ከእኛ ጦርነት በፊት?»

«ከብዙ ጊዜ በፊት።»

«ስሙ ያው፣ ሥራው ያው፣ አሟሟቱ ያው!» አሉ። «እግዚአብሔር ቀድሞ ሥሎታል ማለት ነው። የሚያውቀው የለም ስል፣ ለካ እሱ ያውቀው ነበር።»

እኔ ገመዶቹን መጠቅለል ጀመርኩ።

በማግሥቱ ቫኑ ስለዘገየ በመኪናዬ ወሰድኳቸው። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። «ለእህቱ ደወልኩላት» አሉኝ። «ናዝሬት ናት። ሲሞት ልጁ ገና ጡት አልተወም ነበር፤ እሷ ናት ያሳደገችው። ነገርኳት። አለቀሰች። ለልጁም ለልጅ ልጆቹም ልንገር አለችኝ። ንገሪ አልኳት።»

ቀይ መብራት ላይ ቆመን ነበር። ሻምበል ባሻ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው መልስ እየጠበቁ ነበር፤ ፊቴን መለየት ባይችሉም ማየት እንደሚፈልግ ሰው። ከሁሉም በላይ የሚያቃጥለኝ ያ መብራት ነው። እስከዚያ ድረስ ውሸቱ የአንድ ክፍል ጨዋታ ነበር ብል ያስኬዳል። እዚያ ላይ ግን የአንድ ሰው ልጅ ገባበት።

«ጥሩ አደረጉ» አልኳቸው።

የልጅ ልጃቸው ፌርፋክስ ኮሌጅ የምትማር ወጣት ናት። ፊልሙን ቤት ውስጥ ላሳያቸው ብላ ሊንኩን እንድልክላት ቴክስት አደረገችልኝ። ጠፍቶብኛል አልኳት። ሌላ ውሸት። እሷ ግን ለዚህ ዘመን ልጅ ፊልም መፈለግ ምኑ ይከብዳል፤ ራሷ አገኘችው። አያቷን አጠገቧ አስቀምጣ፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ የተጻፈውን ሁሉ አነበበችላቸው።

በሚቀጥለው ሐሙስ ቫኑ ያለ ሻምበል ባሻ መጣ። በሚቀጥለውም እንዲሁ። ሾፌሩን ብጠይቀው «አልሄድም ብለዋል» አለኝ። ቤታቸው ደወልኩ። ያነሳችው ልጅቱ ናት። በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብላ፣ ለሕፃን እንደሚነገረው፣ ሁሉንም ከራስሽ ነው የፈጠርሽው አለችኝ። አዎ አልኳት። ከዚያ ወደ አማርኛ ተመለሰች።

«ለምን?»

በስልክ የሚመለስ አልነበረም። ቅዳሜ ጠዋት ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሳሁ። ድልድዩን እስክሻገር የምናገረውን ስለማመድ ነበር፤ ስድብ ስለሆነ ነው፣ ላስከፋዎት ስላልፈለግሁ ነው፣ በፍቅር ነው። ሕንጻቸው ሥር መኪናዬን አቁሜ ቆየሁ። ብርቱካን ይዤ ነበር፤ ሊፍቱ ውስጥ ከረጢቱ እንደ ጉቦ ከበደኝ።

ልጅቱ ከፈተችልኝ። ሻምበል ባሻ ኮታቸውን ለብሰው ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። ድምፄን ሲሰሙ ብድግ አሉ።

«ይግቡ» አሉኝ። «ይቀመጡ።»

ልጄ ሲሉኝ የኖሩ ሰው እርስዎ አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

የተለማመድኩትን ሁሉ ተናገርኩ። አላቋረጡኝም።

«ስድብ የማላውቅ መሰለዎት?» አሉ። «ወታደር ነበርኩ እኮ። ስድብ ቁርሴ ነበር። ከዚያ ፊልም የባሰ ስድብ ሰምቼ በልቼ ተኝቻለሁ።»

«አውቃለሁ፣ ግን...»

«ለእኔ ማዘንዎ ይሁን። ጓደኛዬን ግን ማን ፈቀደልዎት?»

የብርቱካኑን ከረጢት እግሬ ሥር አስቀመጥኩ።

«መኪናዎ ውስጥ የነገርኩዎት አደራ ነበር። ሰው የሞተበትን ወዳጅ ለሌላ ሰው የሚያወራው እንዲቀመጥለት ነው። እርስዎ ደግሞ አውጥተው ጥላሸት ለተቀባ ፊልም አለበሱት። እኔ ሞኝ ሽማግሌ ደግሞ እግዚአብሔር ነው ብዬ ባርኔጣዬን አወለቅሁ።»

አለቀስኩ። እንዳላሳዝናቸው ብዬ ፊቴን ወደ መስኮቱ መለስኩ፤ ወዲያው ግን እንባዬን እንደማያዩት ትዝ አለኝና ይበልጥ አፈርኩ። ልጅቱ መሶብ የሚመስለው ሳህን ላይ ያለውን ሶፍት ወደ እኔ ገፋችው።

«አሁን ያንብቡልኝ» አሉ ሻምበል ባሻ። «የተጻፈውን። እሷ አንብባልኛለች፣ ግን አማርኛዋ ይደነቃቀፋል። ከእርስዎ አፍ መስማት እፈልጋለሁ።»

ልጅቱ ፊልሙን ቴሌቪዥኑ ላይ ከፈተችው። አነበብኩ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንዲት ቃል ሳልዘል። «ጅራፍ ካላዩ አይንቀሳቀሱም» አልኩ። ሐሙስ ዕለት «ያለ እነሱ ጦሩ አይራመድም» ባልኩበት ቦታ ነው ያልኩት። እነዚያን ቃላት በአማርኛ አስተካክሎ ማስቀመጥ እንዴት እንደሚቀፍ ልገልጸው አልችልም፤ ሌላ ሰው የጻፈውን ስድብ የራሴ ምላስ ላይ እያበሰልኩ እንደማውጣት ነበር። ማለስለስ ያምረኝ ነበር። አንዲት ቦታ ላይም አለሰለስኩ። ልጅቱ ወዲያው «ኖ፣ እንደዚያ አይልም» አለች። አስተካከልኩ።

ተሸካሚው ተተኩሶበት ሲወድቅ የሚመጣውን ጽሑፍ አነበብኩ፤ «ሌባ እንደ ሌባ ይሞታል።»

«ቆይ፣ አቁሚው» አሏት ሻምበል ባሻ ልጅቱን። «ወደ ኋላ መልሺው። ሲወድቅ አፉ ይንቀሳቀሳል?»

ልጅቱ ወደ ስክሪኑ ተጠግታ ደጋግማ አየች። «ይንቀሳቀሳል፣ አባባ።»

«ምን አለ?»

ልጅቱ ወደ እኔ ዞረች። እሳቸውም ወደ እኔ ዞሩ።

«አልተጻፈም» አልኩ። «የተናገረውን አልጻፉትም።»

«ስሙስ? የተጫወተው ሰውዬ፣ የእውነት ስሙ?»

ልጅቱ መጨረሻው ላይ ያለውን የተዋንያን ዝርዝር ከፈተች። መኮንኑ አለ፣ እጮኛው አለች፣ ጥላሸት የተቀባው አለቃ ከነስሙ አለ። የመኮንኑ ፈረስም ስሙ ተጽፏል። ተሸካሚው የለም። ልጅቱ ስልኳን አውጥታ ብዙ ፈለገች፤ ግንባሯን ቋጥራ፣ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው እየሄደች። አጥታው ስልኩን ሶፋው ላይ ወረወረችው። «ዘ ሆርስ!» አለች ለራሷ። «ፈረሱ!»

ሻምበል ባሻ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እናቱ ግን ስም አውጥታለት ነበር» አሉ። ከዚያ ስልካቸውን ከኮታቸው ኪስ አውጥተው ለልጅቱ ሰጧት። «ናዝሬት ደውዪልኝ። እኔ አልናገርም። እሳቸው ናቸው የሚነግሯት።»

እሳቸው ያሉት እኔን ነው።

ስልኩ ድምፁ ጮክ ብሎ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። እዚያ መሽቶ ነበር። የሴትየዋ ድምፅ ሞቅ ያለ ነው፤ የልጆች ጫጫታ ከኋላ ይሰማል። ሻምበል ባሻ የሚደውሉት መስሏት ጤና፣ ቤተሰብ፣ አየሩን ሁሉ ጠየቀች። ማንነቴን ነገርኳት። ፊልሙን የተረጎምኩት እኔ እንደሆንኩ፣ በፊልሙ ውስጥ ያለው ሰው የወንድሟን ስም እንዳልያዘ፣ ውሃውን ያመጣው ሰው በፊልሙ ውስጥ እንደሌለ፣ ሁሉንም ከሻምበል ባሻ ወሬ ወስጄ እንደፈጠርኩት ነገርኳት። ሻምበል ባሻ እንዳልዋሹ፣ እኔ እንዳታለልኳቸውም ነገርኳት።

ከኋላ ያሉት ልጆች መጮኻቸውን ቀጠሉ።

«ሰውዬው፣ ፊልሙ ላይ ያለው፣ ታዲያ ምን አድርጎ ነው የሞተው?» አለችኝ መጨረሻ ላይ።

«ውሃ ሰርቀሃል ብለው ነው የገደሉት።»

«እና ለሌባው ነው የወንድሜን ስም የሰጠሽው?»

«ሌባ ያሉት እነሱ ናቸው» አልኩ። ያንን እንኳ ማለት አልነበረብኝም።

«ለልጁ ነግሬዋለሁ» አለች። «አባቱን በፎቶ ነው የሚያውቀው። ልጆቹን ሰብስቤ፣ አያታችሁን ፈረንጅ ሳይቀር ያውቀዋል ብያቸዋለሁ። ትንሿ ትምህርት ቤት ሄዳ አውርታለች። አሁን ምን ልበላቸው?»

«እኔ እንደዋሸሁ ይንገሯቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«አንቺን የት ያውቁሻል?» አለችኝ። በቁጣ አይደለም። ነገሩን እንዳለ ነው የተናገረችው። «የሚያውቁት እኔን ነው።»

ከዚያ ሻምበል ባሻን አቅርቢልኝ አለች። ስልኩን ይዘው ወደ መኝታ ክፍል ገቡ፤ በሩን ዘጉ። እኔና ልጅቱ ሳሎን ውስጥ ቀረን። ቴሌቪዥኑ ላይ ያ ወጣት ሲወድቅ መሀል ላይ እንደቆመ ነበር፤ አንድ እጁ በአየር ላይ። ልጅቱ አጥፍታው ብርቱካን መላጥ ጀመረች። ግማሹን ሰጠችኝ። በላሁት፤ ምን ማድረግ እንደነበረብኝ አላውቅም።

ሻምበል ባሻ ጥቂት ሳምንት ቆይተው ዴይኬር ተመለሱ። እሳቸው ሳይመጡ በፊት ለእኛዎቹ ጠረጴዛ እውነቱን ነገርኳቸው። «ውይ በሞትኩት» ያሉት እናት «ይሁን፣ ለእኛ ብለሽ ነው» አሉኝ፤ ደግነታቸው አልረዳኝም። ወደ ሴራሊዮኑ አባትም ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። ፊልሙን ያን ቀን ለምን እንዳላቆምኩት ጠየቁኝ። ቀጥለውም በዚያ በመምህር ድምፃቸው፣ እንግሊዝኛ ማንበብ የማትችይ መስሎኝ ነበር አሉኝ። ይህን ያሉት እኔን ነፃ ለማውጣት ነው። ማንበብ እንደምችል ነገርኳቸው።

አለቃዬ ፊልሙ ይቅር አለች። ሻምበል ባሻ ግን አይቅር አሉ። አሁን ሐሙስ ሐሙስ የሚታየውን ቀድሜ እስከ መጨረሻው አያለሁ፤ ስድብ ካለበት ከመጀመሬ በፊት ለሁሉም ጠረጴዛ እናገራለሁ፤ ማየት የማይፈልግ ወደ ሹራቡ ክፍል ይሄዳል። ሻምበል ባሻ ሄደው አያውቁም። ከፊት ተቀምጠው፣ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ የተጻፈውን እንደተጻፈ ይሰማሉ። ወደ ቤታቸው የሚሄዱት በቫኑ ብቻ ነው፤ ቢዘገይም ይጠብቁታል። ላድርስዎ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «አያስቸግርዎት» አሉኝ።

ክረምቱ ሲገባ የጓደኛቸው መታሰቢያ ደረሰ። ልጅቱ ከኮሌጅ መጥታ አያቷን ከዴይኬሩ ወደ ቤተ ክርስቲያን ልትወስድ ስትል በሩ ላይ አገኘኋት። ናዝሬት ያሉትን ልጆች ጠየቅኳት።

«ተነግሯቸዋል» አለችኝ።

«ምን ተብሎ?»

ትከሻዋን ነቀነቀች። አያቷም አልነገሯትም። ያ ሰው፣ አባቱን በፎቶ ብቻ የሚያውቀው፣ ከአክስቱ አፍ ምን እንደሰማ፣ ያቺ ትንሽ ልጅም ትምህርት ቤት ሄዳ ምን ብላ እንዳስተባበለች አላውቅም። የሴትየዋ ቁጥር ስልኬ ላይ አለ። ልጠይቃት ከአንዴም ሁለቴ አውጥቼዋለሁ። እስካሁን አልደወልኩም።